መንገዱ ከፍ ሲል ቤቱ ዝቅ አለ፦ በአዳማ የአንድ አሮጌ የንግድ ቤት የጥገና ጉዳይ

ጉዳዩ

አዳማ ውስጥ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ባለ አንድ ፎቅ የንግድ ቤት አለ። ምድሩ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ በመንገዱ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ የእንጨት በረንዳ የተዘረጋለት ነው። ምድሩ ላይ አምስት ሱቆች አሉ። ፎቁ ግማሹ መጋዘን፣ ግማሹ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ከጓሮው ደግሞ ሁለት አባወራ ይኖራል። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ቤቱ ለአደጋ የተጋለጠ ነውና ይፍረስ የሚል ሐሳብ ቀረበበት። ተከራዮቹ ሌላ የሙያ አስተያየት ፈልገው እኔንና አንድ የሥራ ባልደረባዬን ጠሩን።

ቤቱ አልፈረሰም። እንዴት ሳይፈርስ እንደቀረ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በሐዲዱ መስመር ባደጉት ከተሞች ሁሉ ተመሳሳይ ቤቶች በተመሳሳይ ምክንያት እየተጎዱ ስለሆነ ነው። ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው ሲጠፋ ጥፋቱ ሁሉ በእርጅና ላይ ይላከካል። በዚህ ቤት ግን የጉዳቱን ምክንያት ያገኘነው የቤቱን ታሪክ ስንጠይቅ ነው፤ የትኛው ግድግዳ መቼ እንደተነካ፣ ውሃው ድሮ በየት እንደሚወጣ። የሰዎቹን፣ የመሥሪያ ቤቶቹንና የቤቱን መለያ አልጠቅስም።

ቤቱ የተሠራበት ዘመን

አዳማን ከተማ ያደረጋት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት እዚያው ቆመ። ከዚያ ሥራው ቀጥሎ አዋሽን ተሻገረና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የአዳማ ጣቢያ የተተከለው በዚህ በሁለተኛው የሥራ ምዕራፍ ነው። ከአርሲ ደጋ የሚወርደው እህልና ቆዳ እዚህ ይራገፋል፤ ከጅቡቲ የሚመጣው ጨርቅ፣ ላምባና ቆርቆሮ እዚህ ይወርዳል። ነጋዴም ተከትሎ መጣ፤ ከአገሬው ነጋዴ ጎን ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የየመን አረቡ ሱቅ ከፈተ። በጣቢያው ዙሪያ ባሉት መንገዶች ላይ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ፣ ከኋላ መጋዘንና የጭነት ከብት ማሳረፊያ ግቢ ያለው ቤት የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ቤት ማን ሠራው በሚለው ላይ ያነጋገርናቸው ሽማግሌዎች አልተስማሙም። ገሚሱ ግሪክ ነበር አለ፣ ገሚሱ አረብ። አንደኛው አዛውንት በኦሮምኛና በአማርኛ እየቀያየሩ ስለ ቤቱ ብዙ ካወሩን በኋላ፣ «ባለቤቱን ተዉት፤ በሩን ያሰፋው ማን እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለባችሁ» አሉን። ያን ጊዜ ብዙም ልብ አላልነውም ነበር፤ ወደ ግድግዳው ስንመለስ ግን ነገሩ ታየን።

አምስቱ የሱቅ በሮች አንድ ዓይነት አይደሉም። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ጠበብ ያሉ ሆነው በላያቸው ላይ የድንጋይ ቅስት አለ። መሐል ያሉት ሦስቱ ሰፋፊዎች ናቸው። ቅስት የላቸውም፤ ከላይ ያለውን ግድግዳ የተሸከመው ቁርጥራጭ የባቡር ሐዲድ ነው። ቅስት ባላቸው በሮች ዙሪያ ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ሲሆን፣ ሐዲድ ባላቸው በሮች ዙሪያ ግን ሲሚንቶ ገብቷል። በአገራችን ሲሚንቶ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቋቋመው የድሬዳዋ ፋብሪካ እንደሆነ ሲታሰብ፣ ሦስቱ በሮች የሰፉት ከመጀመሪያው ግንባታ በኋላ ነው ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። መንገድ ተሠርቶ የጭነት መኪና ሲበዛ፣ በቅሎና ግመል ያስገባ የነበረው በር ጆንያ በጅምላ ለማስገባት ጠበበ። ሐዲዱ ላይ በፋብሪካ የተቀረጸ ፊደልና ቁጥር አለ። ይሁን እንጂ በእሱ የቤቱን ዕድሜ መቁጠር አያስኬድም፤ ሐዲድ ለግንባታ የሚውለው ብዙ ጊዜ መስመር ላይ አገልግሎ ሲወጣ ነውና።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የከተማዋ ታሪክ ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ። በረንዳው ጣሪያ ሥር እስካሁን የቀሩት የሸክላ ኢንሱሌተሮች (የመብራት ሽቦ የሚታሰርባቸው ማገጃዎች) የመጀመሪያዎቹ የመብራት ሽቦዎች በየት እንደተዘረጉ ያሳያሉ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ቤቱ የመንግሥት ሆነ። እንደ አዋጁ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው በኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ይተዳደር ስለነበር፣ አንድ ሰፊ ሱቅ ሲከፋፈል የሚያስተዳድረውም አካል ሊለያይ ይችል ነበር። ይህ ቤት የደረሰበት እንዲያ ነው። ምድሩ በጡብና በብሎኬት ተከፋፈለ። ለአንድ ነጋዴ የተሠራው ቤት የአምስት ሰው ሆነ፤ አምስቱም የየራሳቸውን ወለል ሲያስተካክሉ የሌላውን የሚያይ አልነበረም።

አሠራሩ

ስለ አሠራሩ በዝርዝር መናገር አለብኝ፤ ጥገናው ሁሉ በዚህ ላይ ነውና።

የምድሩ ግድግዳ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ድንጋዩ ከአካባቢው ካባ (የድንጋይ ማውጫ) የወጣ፣ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፤ የጠጣውን ደግሞ በነፋስና በፀሐይ ይመልሳል። የተያያዘበትም ሆነ የተለሰነበት ኖራ እንደዚሁ ይተነፍሳል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከሥሩ ትንሽ እርጥበት ቢስብም በፊቱ በኩል ስለሚለቀው አይጎዳም። የአዳማ ደረቅ ነፋስ ለዚህ ዓይነት ቤት ትልቅ ረዳት ነው።

ፎቁ ቀለል ብሎ የተሠራ ነው። ቋሚዎቹና ወራጆቹ የሐበሻ ጥድ ናቸው፤ ግድግዳው ጭድ የገባበት ጭቃ ሆኖ በኖራ ተለስኗል። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ መሆኑ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ላለች ከተማ ጥሩ አሠራር ነው፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ከላይ የሚወዛወዘው ክብደት ያንሳል። በረንዳው ከድንጋዩ ግድግዳ በወጡ የጥድ ክንዶች ላይ ያረፈ ነው። አናጢው የክንዶቹን ጫፍ በመጥረቢያ እንደ ቅጠል አድርጎ ጠርቦታል። ከሥር ቆሞ ላየው የአንዱ ቅጠል ጅማት ከሌላው ይለያል፤ አንድም የተደገመ የለም። ያ አናጢ ስሙ በየትኛውም ወረቀት ላይ የለም፤ እጁ ግን በየክንዱ ላይ ይታያል።

ጣሪያው የድሮ ወፍራም ቆርቆሮ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ስስ ባለ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ጋር ጎን ለጎን ሲያዙት ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። የጣሪያው ውሃ የሚወርደው በአብዛኛው ወደ ጓሮው ነው። ከጓሮውስ ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም ነበር።

የታየው ጉዳት

የምድሩ ግድግዳ እስከ ሰው ደረት ድረስ ረጥቧል። የሲሚንቶ ልስኑ ተነፍቶ ይወድቃል፤ ከሥሩ ያለው ድንጋይ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት ይረግፋል፤ አመድ የመሰለ ነጭ ጨው ወጥቶበታል። ከመሐለኞቹ በሮች በላይ በሦስት ቦታ ስንጥቅ አለ። በረንዳው በአንድ በኩል አዘንብሏል። ዝናብ ሲመጣ ሁለት ሱቆች ውስጥ ውሃ ይገባል።

ለዚህ ሁሉ ሦስት ምክንያት ይሰጥ ነበር። አንደኛው እርጅና ነው። ሁለተኛው ድንጋዩ ደካማ ነው የሚል ነበር። ሦስተኛው በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። አዳማም ንዝረቱ ተሰምቷት ስለነበር ሰው ሁሉ ስንጥቁን ያየው በዚያ ዓይን ነው። የይፍረስ ሐሳብም የተጠናከረው በዚያ ሰሞን ነው። ፍርሃቱን አላቃልልም፤ ሰው ከሥሩ ስለሚሠራና ስለሚተኛ ጥያቄው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ስንጥቁን ለክቶ የተከታተለው ሰው አልነበረም።

ተከራዮቹም በየፊናቸው መፍትሔ ሞክረዋል። አንዱ በሲሚንቶ ደጋግሞ ለሰነ። ሌላው የሱቁን ፊት እስከ ወገብ ድረስ ሴራሚክ ለበጠበት። ሦስተኛው በበሩ ላይ የኮንክሪት መከላከያ ደፍ ሠራ። ሁሉም ገንዘባቸውን አውጥተው፣ ቤቱን ለማቆየት አስበው ያደረጉት ነው።

ምርመራው

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉንም ሥራ ማስቆም ነው። ከዚያ ቤቱን ከሥር እስከ ጣሪያ ለክተን ንድፍ አነሣን፤ የትኛው ግድግዳ በኖራ፣ የትኛው በሲሚንቶ፣ የትኛው በጡብ እንደተሠራ በቀለም ለይተን አሰፈርን። ይህ ሥራ አሰልቺ ይመስላል፤ ብዙ የነገረን ግን እሱ ነው። ቀለሙ ሲሰፍር ስንጥቆቹ በሙሉ የወደቁት ሐዲድ ባለባቸው ሦስት በሮች ላይ ሆኖ ተገኘ። ቅስት ባለባቸው በሁለቱ በሮች ላይ አንድም አልነበረም። መሬቱ ሰምጦ ወይም ንዝረት ሰንጥቆት ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በር እየመረጠ አይሄድም ነበር።

በየስንጥቁ ላይ አግድም የጄሶ ቁራጭ ለጥፈን ቀን ጻፍንበት። ጄሶ አይለጠጥም፤ ስንጥቁ በጥቂቱም ቢሰፋ ይሰበራል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንዱም አልተሰበረም። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ከሐዲዱ ጫፎች አጠገብ ያሉት ሁለቱ ተሰበሩ። ልስኑን አንሥተን ስናይ ሐዲዱ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረበት ጫፍ ዝጎ፣ ዝገቱ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ ተገኘ። የዛገ ብረት ከነበረበት መጠን በብዙ እጥፍ ያብጣል። ድንጋዩን ከውስጥ ገፍቶ የሰነጠቀው ይህ ነው። ዝገቱን የሚመግበው ደግሞ ከሥር የሚወጣው እርጥበትና ከተበላሸው አሸንዳ የሚንጠባጠበው ውሃ ነበር።

ቀጥለን ከፊት ለፊት ግድግዳው ሥር ቆፈርን። ከአስፋልቱ በታች አሮጌ አስፋልት፣ ከዚያም በታች ገረገንቲ፣ ከዚያም ሁለት የተጠረቡ የድንጋይ ደረጃዎች ወጡ። ድሮ ወደ ሱቁ የሚገባ ሰው ሁለት ደረጃ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ግን ከመንገድ ወደ ሱቅ አንድ ደረጃ ወርዶ ይገባል። መንገዱ በተጠገነ ቁጥር አዲስ ንጣፍ በአሮጌው ላይ ሲደረብ ከተማው ቀስ በቀስ ከፍ ብሎ ቤቱ ባለበት ቀረ። በዙሪያዋ ካሉት ኮረብቶች በሚወርድ ጎርፍ ለምትታወቅ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጓሮው ውሃ ጉዳይ የተፈታው በጭውውት ነው። ከጓሮው ነዋሪዎች አንዷ በዚያው ግቢ ተወልደው ያረጁ እናት ናቸው። ባልደረባዬ ቡናቸውን እየጠጣ፣ «እማማ፣ ድሮ ዝናብ ሲዘንብ እዚህ ግቢ ውሃ ይተኛ ነበር?» ሲል ጠየቃቸው።

«ኧረ ምን ሊተኛ! እዚያ ጋ ጉድጓድ ነበረች፤ የድንጋይ ክዳን አላት። ልጆች ሆነን እግራችንን የምንታጠበው እሷ ላይ ነው። ውሃው በቤቱ ሥር አልፎ መንገድ ላይ ነው የሚወጣው» አሉ።

«እርግጠኛ ነዎት፣ በቤቱ ሥር?»

«ልጄ፣ የጨርቅ ኳሳችን ገብታ በወዲያኛው በኩል ስትወጣ አይቻለሁ ስልህ! አሁን መጋዘን ሠርተውባታል እንጂ።»

የመጋዘኑን ወለል በአንድ ጥግ ብንከፍተው ክዳኑ ተገኘ። ከሥሩ በጥርብ ድንጋይ የተሠራ ቦይ ከጓሮው ተነሥቶ በመሐለኛው ሱቅ ወለል ሥር ወደ መንገዱ ይሄዳል። ውስጡ በደለልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቷል። መውጫው አስፋልቱ ሥር ከተቀበረ ቆይቷል። የጣሪያው ግማሽና የጓሮው ውሃ ለዓመታት የተጠራቀመው በዚህ ቦይ ውስጥ፣ ማለትም በቤቱ መሠረት መሐል ነበር።

ወደ ላይ የሚወጣው እርጥበት በፊቱ በኩል እንዳይተን ደግሞ ሲሚንቶው ዘግቶበታል። እርጥበቱ በፊት በኩል መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ እየወጣ ሄደ፤ ጨዉም ድንጋዩ ውስጥ እየደረቀ ፊቱን አረገፈው። የእርጅና፣ የደካማ ድንጋይና የመሬት መንቀጥቀጥ የተባለው ጉዳት መነሻው የተዘጋ ቦይ፣ ከፍ ያለ መንገድና የማይተነፍስ ልስን ሆኖ ተገኘ።

የተሠራው

ፈቃድ ማግኘት ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደ። በሕንፃ አዋጁ መሠረት እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ፈቃድ አይጀመርም። ቤቱ በቅርስነት አልተመዘገበም ነበር፤ ተመዝግቦ ቢሆን ኖሮ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለጥገናው ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ለሚመለከተው አካል ንድፉን፣ የጄሶውን ክትትልና የቁፋሮውን ፎቶግራፍ አንድ ላይ አቀረብን። የይፍረስ ሐሳብ የተሻረው ከዚያ በኋላ ነው። ያሳመነውም ሌላ ክርክር ሳይሆን ጄሶው ላይ የተጻፈው ቀን ይመስለኛል።

ቦይውን ወደ ድሮ መውጫው መመለስ አልተቻለም። በውሃ ልክ ስንለካ መውጫው ከአስፋልቱ ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። ከቤቱ ኋላ ያለው መንገድ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ የፍሳሽ ቦይም አለው። ችግሩ ቱቦው በጎረቤት ግቢ ማለፍ ነበረበት። ጎረቤቱ መጀመሪያ እምቢ አሉ፤ ቀደም ሲል በግድግዳ ጉዳይ ከአንዱ ተከራይ ጋር ተቀያይመው ኖሯል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ገብተው ካስታረቁ በኋላ ቱቦው እንዲያልፍ፣ ሲበላሽም ተከራዮቹ በወጪያቸው እንዲጠግኑ በጽሑፍ ተስማሙ። የጓሮው ውሃ ዛሬ በዚያ ይሄዳል። አሮጌው ቦይ ተጠርጎ ደረቅ ሆኖ ቀርቷል፤ ክዳኑም የሚከፈት ተደርጓል።

በመንገዱ በኩል ከግድግዳው ሥር ጠባብ ቦይ ቆፍረን በቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ሞላነው፤ በላዩም የብረት ፍርግርግ ተደረገበት። ግድግዳው ከአስፋልቱ ተለይቶ አየር አገኘ፤ ከመንገድ የሚመጣውም ውሃ በዚያ እየተንሸራተተ ወደ ዳር ይወጣል።

ከዚያ ሲሚንቶውን ማንሣት ተጀመረ። ጨዉ በደረቅ ብሩሽ ተጠረገ፤ በውሃ ቢታጠብ ተመልሶ ድንጋዩ ውስጥ ይገባል። አዲሱ ልስን አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ አሸዋ ነው። መንገድ ዳር ያለው የታችኛው ክፍል ላይ ከአዳማ ዙሪያ በብዛት የሚገኘውን ነጭ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭተን ጨመርንበት፤ ከኖራ ጋር ሲዋሐድ እርጥበትን የሚችል ልስን ይሆናል። ኖራው ራሱ አስቸግሮ ነበር። ቀለም መሸጫ ያለው ኖራ አብዛኛው ውሃና አየር ስለነካው የመያያዝ ኃይሉ ደክሟል። ውሃ ያልነካው የድንጋይ ኖራ ፈልገን፣ በጉድጓድ ውስጥ ውሃ አጠጥተን፣ እየፈላ ከበረደ በኋላ ለሳምንታት ውሃ ሥር እንዲቆይ አደረግን። ይህን ሥራ የሚያውቅ ግንበኛ ያገኘነው አንድ ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ ነው። ወጣቶቹን «አትቸኩሉ፤ ኖራ ሲቸኩሉበት ይከዳል» እያሉ አሠሯቸው።

ከሦስቱ ሐዲዶች ሁለቱ ዝገታቸው ተራግፎ፣ ፀረ ዝገት ተቀብተው ባሉበት ቀሩ። ሦስተኛው በጣም ሳስቶ ስለነበር ግድግዳው በፑንቴሎ (በጊዜያዊ የድጋፍ ምሰሶ) ተደግፎ በአዲስ ብረት ተተካ። የፎቁ ወራጆች ከድንጋዩ ግድግዳ ጋር በብረት ማሰሪያ ታሰሩ። ይህ በመጀመሪያው አሠራር ያልነበረ ነው፤ ባለንበት ምድር ግን መደረግ አለበት ብለን ጨመርነው።

ስለ በረንዳው ያገኘነው ነገር አስገርሞናል። ያዘነበለው የመጀመሪያው እንጨት አርጅቶ አልነበረም። ጥዱ ደኅና ነው፤ በኋላ በጥገና የገባውን ባሕር ዛፍ ነው ምስጥ የበላው። ጥድ ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ ስለተከለከለ ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የወጣ ጥድ ገዝተን አራት ክንዶችን አስተካክለናል። አዲሶቹ ክንዶች ላይ ቅጠል አልቀረጽንም፤ የትኛው የቀድሞው፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ ለሚመጣው ሰው እንዲታወቅ ነው።

የተሳካውና ያልተሳካው

በተከታዩ ክረምት ሱቆቹ ውስጥ ውሃ አልገባም። አዲሶቹ የጄሶ ምልክቶች አልተሰበሩም። የእርጥበቱ መስመር ከደረት ወደ ጉልበት ወርዷል፤ ወፍራም ድንጋይ እስኪደርቅ ዓመታት ስለሚፈጅ ከዚህ በላይ አልጠበቅንም።

ነፋሱ በቀጥታ በሚመታው ጎን የመጀመሪያው የኖራ ልስን ሳይጠነክር ደርቆ እንደ ዱቄት ረገፈ። ሁለተኛው ዙር በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለሁለት ሳምንት ውሃ እየተረጨበት ሲቆይ ያዘ። ግድግዳውን የሚያደርቅልን ነፋስ ልስኑን የሚያበላሽ ነበርና ሥራው ነፋስ በሚቀንስበት ወቅት ቢጀመር ይሻል ነበር።

ሴራሚክ የለበጡት ነጋዴ ለማንሣት አልፈቀዱም። ብዙ ገንዘብ አውጥተውበታል፤ ደንበኛም ንጹሕ ፊት ይወዳል። ውጤቱ በዓይን ይታያል፤ ከሴራሚኩ በላይ ያለው ግድግዳ አሁንም እርጥብ ነው፣ የጎረቤቱ ሱቅ የጋራ ግድግዳም ከሌሎቹ ዘግይቶ እየደረቀ ነው።

ወጪውን የሸፈኑት ተከራዮቹ ናቸው። ከኪራይ እንዲታሰብላቸው ያቀረቡት ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ይህ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ቤቱ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ዋጋውንም ጠብቀው ያቆዩት እነሱ ናቸው። የቅርስ ምዝገባ ጥያቄው ቀርቦ ገና በሂደት ላይ ነው።

ለሌላ ቤት የሚያገለግለው

እንዲህ ያለ ቤት ሲገጥም ከግድግዳው በፊት ውሃውን መከተል ይገባል። ጣሪያው ላይ የወደቀው ውሃ ከግቢው እስኪወጣ ያለውን መንገድ በዓይን ተከታትሎ መጨረስ ያልቻለ ሰው ምርመራውን አልጨረሰም። በባቡር መስመር ከተሞች ያሉ ጓሯቸው የተዘጋ አሮጌ የንግድ ቤቶች እንዲህ ያለ የተቀበረ ቦይ ሊኖራቸው ይችላል። ከ1967 በኋላ ግቢው ሲከፋፈልና ጓሮው ሲሠራበት የሚዘጋውም እሱ ነው።

የቤቱን ነዋሪ ሲያነጋግሩ ጥያቄው «መቼ ተሠራ፣ ማን ሠራው» ብቻ ከሆነ መልሱ አፈ ታሪክ ይሆናል። ሰው የሚያስታውሰው ያደረገውንና ያየውን ነው፤ የት እንደታጠበ፣ በየት በር እህል እንደገባ፣ መብራት ሲገባ ማን እንደዘረጋው። ለጥገና የሚጠቅመውም ይህ ነው። ቤቱ ውስጥ ረጅም ዘመን የኖሩትን ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ በጓሮው ክፍል የሚኖሩት ናቸው፣ ስብሰባም ላይ አይጠሩም።

ስንጥቅ ሲታይ ንድፍ ላይ ሰፍሮ፣ በጄሶ ተለጥፎ፣ ክረምትም በጋም ታይቶ ነው የሚፈረድበት። ጄሶ ከማንኛውም የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፤ ዋጋውም ኢምንት ነው። የፊት በረንዳ የሚያዘነብል ከሆነ እንጨቱን በቢላ ጫፍ እየነኩ ጥዱን ከባሕር ዛፉ መለየት ሙሉውን አፍርሶ በኮንክሪት ከመተካት ያድናል።

መንገድ ሲታደስ ነባሩ ንጣፍ ሳይነሣ አዲስ እንዳይደረብ ነዋሪው ሥራው ሳይጀመር መጠየቅ አለበት፤ አስፋልቱ ከፈሰሰ በኋላ የሚሰማ የለም። አዳማ ውስጥ በዚህ ምክንያት ብቻ ደፋቸው ከመንገድ በታች የሆኑ ሱቆች በየሰፈሩ አሉ። ባለሱቁ የበሩን ደፍ ከፍታ ከአስፋልቱ አንጻር ለክቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ማስቀመጡ ለዚያ ክርክር ይጠቅመዋል።

ይህ አካሄድ ምድራቸው ድንጋይ ለሆነ ቤቶች ነው የተሞከረው። ከሥር እስከ ላይ ጭቃ የሆነ ቤት ላይ ከመንገድ ዳር የተቆፈረው ዓይነት ቦይ ምሰሶዎቹን ሊያናጋ ስለሚችል እዚያ ሥራው የሚጀምረው ከምሰሶዎቹ ሥር ነው። እኛም በብረት ማሰሪያ ያያዝነው ቤት ለንዝረት የተሻለ ቢሆንም፣ ለአዲስ ሕንፃ በወጣው የመሬት መንቀጥቀጥ ደንብ አልተሰላም። ለተከራዮቹም ይህንኑ በጽሑፍ ሰጥተናቸዋል፤ ፎቁ ላይ ያለው መጋዘን ከዚህ በኋላ ሲሚንቶና ብረት እንዳይጫንበት የሚለው ገደብም በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል።